የኬፍ ኪው ሜታ ስፒከሮች በባሕር ዳር ሳሎን

የእንግሊዙ ስፒከር አምራች ኬፍ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ካደረጋቸው የኪው ሜታ ስፒከሮች መካከል ሁለቱን ጥንዶች፣ ማለትም ትንሹን ኪው 1 ሜታንና ከእርሱ ከፍ የሚለውን ኪው ኮንቸርቶ ሜታን፣ እዚህ ባሕር ዳር ድምፅን አጥብቀው ከሚወዱ ወዳጆቼ ጋር ተሰብስበን አዳምጠናቸዋል። ሁለቱም ጥንዶች ወደ ከተማችን የደረሱት ከውጭ በተመለሱ ዘመዶች ጓዝ ውስጥ ነው። ይህን ግምገማ የምጽፈው ስፒከሮቹ በብሎኬት ግድግዳና በሴራሚክ ወለል መካከል፣ ቤተሰብና እንግዳ ዙሪያውን በሚቀመጥበት ሳሎን ውስጥ ምን ያህል እንደሚሠሩ ማወቅ ለሚፈልግ አንባቢ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ ሰው በየማዕዘኑ በሚቀመጥበት ቤት፣ እስካሁን ከሰማኋቸው የቤት ስፒከሮች ሁሉ እንደ እነዚህ የሚመች አላገኘሁም። ሆኖም አቅም ካለው አምፕሊፋየር ጋር ካልተገናኙ የወጣባቸውን ገንዘብ አይመልሱም።

ምክንያቱ ከአሠራራቸው ይጀምራል። በተለመደው የቤት ስፒከር ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተር ከላይ፣ መካከለኛውንና ወፍራሙን የሚያወጣው ዉፈር ከታች ይቀመጣል። ሁለቱ ድምፁን ከሚቀባበሉበት አካባቢ፣ ይኸውም ብዙውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 3,000 ኸርዝ (በሴኮንድ የሚደረግ ንዝረት) ባለው ክልል፣ የአንዱ ሞገድ ከሌላው ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ አድማጩ ከትዊተሩ አንጻር ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቁጥር ከድምፁ ላይ የሚጎድል ነገር ይኖራል። ይህ ክልል ደግሞ የሰው ቃል ጥርት ብሎ መሰማቱ የሚወሰንበት ነው። ኬፍ እ.ኤ.አ. በ1988 ያስተዋወቀው ዩኒ-ኪው የተባለው አሠራር ትዊተሩን በዉፈሩ እምብርት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ስለዚህ ሁለቱም ድምፆች ከአንድ ነጥብ ተነሥተው ወደ ላይም ወደ ታችም ወደ ጎንም በተቀራራቢ መልክ ይሰራጫሉ። ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1961 በኬንት አውራጃ በሜይድስቶን የመሠረተው ሬይመንድ ኩክ ቀድሞ በቢቢሲ ይሠራ የነበረ መሐንዲስ ሲሆን፣ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለገዛ ሥራው የነደፈው ኤልኤስ 3/5ኤ የተባለው አነስተኛ ስፒከርም የተሠራው በኬፍ ዉፈርና ትዊተር ነበር። የሰውን ድምፅ ሳያዛቡ ማሰማት የዚህ ቤት የቆየ ሙያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሠራሩ በእኛ ቤት ያለው ጥቅም በቡና ሰዓት ቁልጭ ብሎ ይታያል። የቤቱ እመቤት ረከቦቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች፤ ትልልቆቹ ሶፋው ላይ ናቸው፤ ልጆች ምንጣፉ ላይ ይቀመጣሉ፤ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ በር አጠገብ ወንበር ይሳብለታል። የውጭ ገምጋሚዎች አዘውትረው የሚያነሡት፣ በሁለቱ ስፒከሮች ትክክል ለአንድ አድማጭ ብቻ የሚዘጋጀው መቀመጫ፣ በእንዲህ ያለ ሳሎን ውስጥ ቦታ የለውም። ኪው 1 ሜታን በሶፋው ላይ ለሚቀመጥ ሰው ጆሮ ትክክል አስቀምጠን አንድ የቆየ ትዝታ ስንከፍት፣ ጀበናውን ከከሰሉ ላይ እያነሣች የነበረችው የቤቱ እመቤት፣ የድሮ ካሴቶችን በመሰብሰብ ወደሚታወቁት አዛውንት ወዳጃችን ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ዝቅ ብዬም ከግጥሙ አንድ ቃል አላመለጠኝም» አለቻቸው። እርሳቸውም ነገሩን ሳያጣሩ አላለፉትም፤ ከሶፋው ተነሥተው በርጩማዋ አጠገብ ጎንበስ ብለው ቆዩና፣ «እውነትሽን ነው ልጄ፣ ከተቀመጥኩበት የሰማሁትም ይኸው ነው» ሲሉ መለሱላት። ሰሙም ወርቁም በቃሉ ውስጥ ላለ ዘፈን፣ ከአምራቹ መግለጫ ሁሉ ይልቅ ይህ ምስክርነት ለእኔ ይከብዳል።

በዚህ ትውልድ አዲስ የሆነው ነገር ከትዊተሩ ጀርባ የተገጠመ ክብ ቁራጭ ነው። ትዊተር ወደ ፊት ድምፅ ሲያወጣ ወደ ኋላም ያወጣል፤ የኋላው ድምፅ በስስ ጉልላቱ በኩል ተመልሶ ሲመጣ ከፊተኛው ጋር ይደባለቅና ሻካራነት ይፈጥራል። ቁራጩ ውስጥ ርዝመታቸው የተለያየ፣ እርስ በርስ የተጠላለፉ ጠባብ ቦዮች አሉ፤ እያንዳንዱ ቦይ የተወሰነውን የድምፅ ክልል ውጦ ያስቀራል፤ ሁሉም ተደምረው የማይፈለገውን የኋላ ድምፅ 99 በመቶ ያህል ያስቀራሉ ሲል አምራቹ ይገልጻል። ኬፍ ይህን መላ አስቀድሞ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2020 በኤልኤስ 50 ሜታ ላይ ሲሆን፣ አሁን ዋጋቸው ዝቅ ወዳለው ወደ ኪው ስፒከሮች አውርዶታል።

99 በመቶ የሚለውን ቁጥር በጆሮ መመርመር አይቻልም፤ ውጤቱን ግን ጸናጽል ያሳያል። ከመካከላችን አንድ ዲያቆን በክብረ በዓል ሌሊት ማሕሌት ላይ በጥሩ ማይክሮፎን የቀዳው ድምፅ ነበረው። ጸናጽል በአብዛኛው የቤት ስፒከር ላይ ሲሰማ አንድ ወጥ የሆነ ሹሹታ ይሆናል፤ ድምፁ ከፍ ሲል ደግሞ ጆሮን ይወጋል። በኪው 1 ሜታ ላይ ግን እጅ ወደ ፊት ሲወዘውዘውና ወደ ኋላ ሲመልሰው የሚወጡት ሁለት ድምፆች ተለይተው ተሰሙ፤ ድምፁን ጨምረን ስናየውም ሰላላ እንጂ ሻካራ አልሆነም። መቋሚያው ወለሉን ሲነካ የእንጨቱ ድምፅ ከከበሮው ሥር አልጠፋም። ዲያቆኑን ከሁሉ በላይ ያስደሰተው የሊቃውንቱ አቋቋም ነበር፤ በቀኝ ጌታ ወገን የቆሙትና በግራ ጌታ ወገን የቆሙት ዜማውን ሲቀባበሉ፣ ከበር አጠገብ የተቀመጠው ሰው ሳይቀር የትኛው ወገን እንደያዘው በጣቱ ያመለክት ነበር። በአንድ ስፒከር ወይም በቴሌቪዥን ድምፅ ማሕሌት መስማት የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል፤ የዲያቆኑም ፊት ተለውጧል።

በዚሁ ቅጂ ላይ በሁለቱ ጥንዶች መካከል ያለው ልዩነት በከበሮው ተገለጠ። የከበሮው ጠባብ ፊት በኪው 1 ሜታ ላይ እንከን አልነበረውም፤ ሰፊው ፊት ሲመታ ግን ምቱ በሰዓቱ ቢደርስም ክብደቱ ይቀላል። ይህ ከስሌት ውጭ አይደለም፤ በኪው 1 ሜታ ውስጥ ወፍራሙንም መካከለኛውንም ድምፅ የሚሸከመው 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አንድ ዩኒ-ኪው ነው። ኪው ኮንቸርቶ ሜታ ግን ድምፁን በሦስት ይከፍለዋል፤ 16.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዉፈር ወፍራሙን ለብቻው ይይዛል፣ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነው ዩኒ-ኪው ደግሞ መካከለኛውንና ቀጭኑን ብቻ ያሰማል። ስለዚህ ከበሮው በኃይል ሲመታ የሊቃውንቱ ድምፅ አይናወጥም። በመጠኑ መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጡት የማይወጣ ስፒከር ይህን ማድረጉ የሚያስመሰግነው ነው።

በገና ላይ ሲደርስ ግን የሁለቱ ልዩነት እንዳሰብነው አልሰፋም። የበገና አሥሩ አውታሮች ከብርኩማው ጋር በሚገናኙበት ቦታ የምትገባው ትንሽ የቆዳ ቁራጭ አውታሩን እያርገበገበች ያን የታወቀ ንዝረት ትሰጠዋለች፤ ንዝረቱ ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ብዙ ተከታታይ ድምፆችን ስለሚያፈራ፣ ከበገና የምንሰማው አብዛኛው ነገር በመካከለኛው የድምፅ ክልል ውስጥ ይገኛል። ጆሯችንም ከእነዚያ ተከታታይ ድምፆች ተነሥቶ ዝቅተኛውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። በዚህ ምክንያት ትንሹ ኪው 1 ሜታ በገናን ባለ ሙሉ ግርማ አድርጎ አሰማን፤ ጣት አውታሩን ስትለቅ፣ ንዝረቱ ሲወለድና ቀስ ብሎ ሲከስም፣ የደርዳሪው እስትንፋስ ከግጥሙ በፊት ሲቀድም፣ ሁሉም ተለይቶ ተሰማ። በዐቢይ ጾም ቤቱን በበገና ለሚያሳልፍ ቤተሰብ ትልቁን ጥንድ ግዙ ብዬ ለመምከር የሚያበቃኝ ምክንያት አላገኘሁም። መሰንቆም እንዲሁ ነው፤ የጭራው ሻካራ ፍትጊያ እንደ ተፈጥሮው ሳይለሰልስ ይመጣል፤ ይህን ያልወደደ ሰው መሰንቆን በቅርብ ያልሰማ ነው።

ሁሉም ግን በአንድ ድምፅ አልተስማማም። ቤዙ ደረት በሚመታ ባለ ዉፈር ቴፕ ያደገ አንድ ወጣት ወዳጃችን፣ ኪው 1 ሜታን ለረጅም ጊዜ ከሰማ በኋላ፣ «ንጹሕ ነው፣ ግን አያስጨፍርም» ሲል ቅር መሰኘቱን ሳይደብቅ ተናገረ። በሠርግ ድንኳኖች ውስጥ ድምፅ በማቀናጀት የሚተዳደር ሌላው ባልደረባችን ነገሩን በዝርዝር አስረዳው። በእነዚያ ቴፖች ላይ የምንሰማው ጎልቶ የሚመታ ቤዝ ብዙውን ጊዜ በአንድ ጠባብ ክልል ዙሪያ የተቆለለ በመሆኑ፣ ቤዝ ጊታሩ የትኛውንም ኖታ ቢጫወት አንድ ዓይነት ጉምጉምታ ይወጣል፤ በኪው 1 ሜታ ላይ ግን ቤዝ ጊታሩ ከኖታ ወደ ኖታ ሲረማመድ ይሰማል። ወጣቱ ማብራሪያውን ቢቀበልም ፍርዱን አልለወጠም፤ እኔም ቅሬታው ትክክል ነው እላለሁ። እስክስታ ለሚወርድበት ሳሎን ኪው ኮንቸርቶ ሜታ ወይም ከኪው 1 ሜታ ጋር የሚጨመር ሰብዉፈር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር፣ ያስፈልጋል።

የቤዙን ነገር ስፒከሩ ብቻ አይወስነውም፤ ክፍሉም ይወስነዋል። በሁለት ትይዩ የብሎኬት ግድግዳዎች መካከል 4 ሜትር ርቀት ካለ፣ ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ በ43 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ በግድግዳዎቹ መካከል ተቀርቅሮ ይቆያል፤ በክፍሉ መካከል ቤዙ ይጠፋል፣ ግድግዳውን ተደግፎ ለተቀመጠ ሰው ግን ይገናል። በከተማችን ሳሎኖች ሶፋው ሁሉ ግድግዳ ተጠግቶ ስለሚደረደር፣ ብዙ ሰው የሚሰማው የገነነውን ነው። ኮንቸርቶዎቹን ቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ፣ ከግድግዳው ጋር አጠጋግተን ስናስቀምጣቸው የወንድ ዘፋኝ ድምፅ በርሜል ውስጥ የገባ ሆነ። ወደ ፊት ስበናቸው፣ የቡፌውን ጠርዝ አስነክተን፣ ፊታቸውን በጥቂቱ ወደ መካከል ስናዞራቸው ድምፁ ወዲያው ተፈታ። ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ መነጠፉና መስኮቱን የሚሸፍን ከባድ መጋረጃ መጋረዱም በስፒከር ላይ ብዙ ሺሕ ብር ከመጨመር የበለጠ ለውጥ አምጥቷል፤ ባዶ ሴራሚክና ባዶ ግድግዳ ባለበት ክፍል እጅ ሲያጨበጭቡ የሚመለሰው ቀጭን ማስተጋባት በጭብጨባ ብቻ አይወሰንም፣ በእያንዳንዱ «ሰ»ና «ሸ» ላይ አብሮ ይመጣል። ክረምት ሲገባ የቆርቆሮው ጩኸት ከማንኛውም ስፒከር በላይ ነው፤ ለዚያ መፍትሔው ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ገዢ ሁሉ ትኩረት እንዲሰጠው የምፈልገው የአምፕሊፋየር ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም እነዚህ ስፒከሮች በውስጣቸው አምፕሊፋየር የላቸውም። ኪው ኮንቸርቶ ሜታ ከተወሰነ ኤሌክትሪክ ያወጣዋል ብሎ አምራቹ ያስቀመጠው የድምፅ መጠን 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ)፣ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ደግሞ 4 ኦም ነው። 85 ዴሲቤል የሚለካው በ2.83 ቮልት በ1 ሜትር ርቀት ሲሆን፣ ይህ ቮልት 8 ኦም በሆነ ስፒከር ላይ 1 ዋት፣ 4 ኦም በሆነው ላይ ግን 2 ዋት ነው። ኃይሉ በእጥፍ ሲጨምር ወይም በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ3 ዴሲቤል ገደማ ስለሚለወጥ፣ በ1 ዋት ከተሰላ እውነተኛው ቁጥር 82 ዴሲቤል ገደማ ይሆናል። ለዕለት ተዕለት ማዳመጥ በአማካይ 2 ዋት ቢበቃ እንኳ፣ ከአማካዩ በ15 ዴሲቤል ከፍ የሚል የከበሮ ምት ከ60 ዋት በላይ ይጠይቃል፤ ያ ኃይል በሚፈለግበት ቅጽበት ከሌለ ምቱ ይጨረመታል። ነገሩን በዓይናችን አይተነዋል። መጀመሪያ ያገናኘነው፣ ጀርባው ላይ 8 ኦም ብቻ የተጻፈበት ያገለገለ አምፕሊፋየር ነበር፤ ማሕሌቱ ወረብ ላይ ሲደርስ ክዳኑ እጅ የማያስነካ ሆኖ ጋለ፣ ከዚያም ድምፁን በራሱ ጊዜ ቆረጠ። የሠርግ ድምፅ ባለሙያው በ4 ኦም እንዲሠራ የተመረተ የራሱን አምፕሊፋየር አምጥቶ ሲቀይረው፣ ያው ወረብ ከዳር እስከ ዳር ያለ አንዳች መጨነቅ ተሰማ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረውን የቮልቴጅ መዋዠቅ የሚችል ጥሩ ስታቢላይዘርም ከአምፕሊፋየሩ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት።

ስለሚጫወተው ቅጂ ጥቂት ልበል። ከቴሌግራም የወረደ በሴኮንድ 128 ኪሎቢት የሆነ ፋይልና በሴኮንድ 1,411 ኪሎቢት የያዘ ሲዲ በርካሽ ስፒከር ላይ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ በእነዚህ ላይ ግን አይመስሉም። አዛውንቱ ወዳጃችን ያመጡት የድሮ ሙዚቃ ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ ከዋናው ካሴት በቀጥታ የተገለበጠ፣ ሌላው ከካሴት ወደ ካሴት ሲዞር ቆይቶ የመጣ። በመጀመሪያው ላይ ሳክስፎኑ ከመነፋቱ በፊት ያለው ትንፋሽ፣ የዘፋኙ ወደ ማይክሮፎኑ መቅረብና መራቅ ሁሉ ተሰማ፤ አዛውንቱም ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሁለተኛው ሲከፈት የካሴቱ ፉጨትና የተጣመመው ፍጥነት ያለ ርኅራኄ ወጣ። ስፒከሩ ደካማን ቅጂ አሳምሮ አያቀርብም፤ ስብስቡ በሙሉ የተጎዳ ቅጂ የሆነ ሰው ይህን አውቆ ይግዛ።

ስለ ቅርጻቸው የምለው ጥቂት ነው። በጥቁር፣ በነጭና በዋልነት ቀለም ይመጣሉ፤ አሠራራቸው ጥብቅ ነው፤ ያዳመጥናቸው ጥንዶች ያለ መሸፈኛ ስለነበሩ የአሉሚኒየም ፊታቸው ለልጅ ጣት የተጋለጠ ነበር። በትዊተሩ ፊት እንደ ተላጠ መንደሪን ክፍልፋዮች ዙሪያውን የተደረደሩት ክንፎች ድምፁን ለማሰራጨት የተሠሩ ቢሆኑም ጉልላቱን በመጠኑ ይከላከላሉ፤ ሕፃን ባለበት ቤት ግን መሸፈኛ ቢገዛ ይሻላል።

ለገበያ ሲቀርቡ ኪው 1 ሜታ በአሜሪካ በጥንድ 600 ዶላር ገደማ፣ ኪው ኮንቸርቶ ሜታ ደግሞ 1,300 ዶላር ገደማ ነበሩ። እዚህ እስኪደርሱ የሚጨመረው ማጓጓዣና ቀረጥ ቀላል አይደለም፤ የጎደለውን 700 ዶላር ከየት ላምጣ የሚል ሰው ግን በትንሹ ጥንድ ጀምሮ ልዩነቱን ለአምፕሊፋየርና ለክፍሉ ቢያውለው ከትልቁ ጥንድና ከደካማ አምፕሊፋየር የተሻለ ድምፅ ይሰማል። የሠርግ ድምፅ ባለሙያው በዚህ አልተስማማም፤ ሰው አንዴ ከገዛ በኋላ በቅርቡ አይቀይርምና ለኮንቸርቶው ቆጥቦ መቆየት ይሻላል ባይ ነው። አዛውንቱ ወዳጃችን በበኩላቸው ውጭ ለሚኖር ልጃቸው ደውለው ዋልነት ቀለም ያለውን ኪው 1 ሜታ እንዲያመጣላቸው አዝዘዋል፤ የቀረውን ገንዘብ በ4 ኦም ለሚሠራ አምፕሊፋየርና ለሳሎናቸው ወፍራም ምንጣፍ መድበውታል።